በነፃ የሰጠ ሰው ዕዳ፦ ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችና የቁጥጥር ሕግ

ክፍት የዴስክቶፕ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምንጭ ኮዱ ለማንም የተገለጠ፣ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊለውጠውና የለወጠውንም ለሌላ ሊሰጥ የሚችለው የኮምፒውተር ማንቀሳቀሻ ሶፍትዌር ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ሊኑክስ ሚንት የዚህ ወገን ናቸው። የሁሉም እምብርት ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከርነሉን ከከበቡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካስታወቀው የግኑ ፕሮጀክት የመጡ ናቸው። ከርነሉ ከ1992 ጀምሮ የሚሰጥበት ፈቃድ ሁለት ነገር አጣምሮ ይናገራል። ለተቀባዩ ሰፊ ነፃነት ይሰጣል፤ ወዲያውም ሶፍትዌሩ ያለ ምንም ዋስትና እንደቀረበና ሰጪው ለሚደርሰው ጉዳት እንደማይጠየቅ ያስታውቃል። ሁለቱ የተሳሰሩ ናቸው። ሰጪው የሰጠውን ነገር ከእጁ አውጥቶ ለተቀባዩ ሥልጣን ለቋል፤ ሥልጣኑን ስለለቀቀም ዋስ አይሆንም።

ይህ ስምምነት ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በሕግ አውጪዎች ዘንድ ብዙም ሳይነካ ኖረ። ከ2020ዎቹ ወዲህ ግን መንግሥታት ሶፍትዌርን እንደ መድኃኒት፣ እንደ መኪናና እንደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መቆጣጠር ጀምረዋል። የሚወጡት ሕጎች ሁሉ አንድ ግምት አላቸው፦ ከእያንዳንዱ ምርት ጀርባ የሚጠራ፣ የሚጠየቅና የሚቀጣ ባለቤት አለ። ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከዚህ ግምት ጋር አይገጥምም። የዴቢያን ከ60,000 በላይ የሶፍትዌር ጥቅሎች በዓለም ዙሪያ በተበተኑ በጎ ፈቃደኞች የሚያዙ ናቸው። ፕሮጀክቱ ራሱ ኩባንያ አይደለም፤ በየዓመቱ መሪ ይመርጣል፤ ገንዘቡንና ንብረቱን በአሜሪካ የሚይዝለት ሌላ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እንዲህ ላለው ነገር ሕግ ሲወጣ ከሥነ ሥርዓቱ ጥያቄ በስተጀርባ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል፦ ያለ ዋጋ የሰጠ ሰው ለሰጠው ነገር ምን ያህል ይጠየቃል? ተጠያቂነቱስ ለማን ነው?

ጥያቄው ከኮምፒውተር እጅግ ይቀድማል። ኦሪት ዘጸአት በ21ኛውና በ22ኛው ምዕራፍ ሰው በንብረቱ፣ በቸልታውና በተረከበው አደራ ምክንያት ስለሚጠየቅበት ሁኔታ በዝርዝር ይደነግጋል። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነፃ ነው። በሬው ቀድሞም ተዋጊ እንደነበረ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ፍርዱ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ድርጊቱ ያው ነው፤ ፍርዱን የለወጠው ባለቤቱ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ያልከደነ ሰው የጎረቤቱ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ይከፍላል። ስለ አደራም ተቀባዩ ያለ ደመወዝ የሚጠብቅና ለራሱ ጥቅም የተዋሰ ተብሎ ይለያል። ከዚያ በኋላ የመጣው የአይሁድ የሕግ ስብስብ ሚሽና ጠባቂዎችን በአራት ይከፍላቸዋል። በነፃ የሚጠብቅ ሰው ቢምል ነፃ ይወጣል፤ የተዋሰ ሰው ሁሉንም ይከፍላል፤ በደመወዝ የሚጠብቀውና የተከራየው ደግሞ በመካከል ይቆማሉ።

የሮማ ሕግ ሊቃውንትም ወደዚሁ ደርሰው ነበር። የሰው ዕቃ በነፃ የሚጠብቅ ሰው የሚጠየቀው ተንኮል ሲሠራ ነው፤ ለራሱ ጥቅም የተዋሰ ግን እጅግ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። ምክንያታቸው ኃላፊነት ጥቅምን ይከተላል የሚል ነው። ከ1900 ጀምሮ የጸናው የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 521 ስጦታ ሰጪን ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልታ ላደረሰው ጉዳት ብቻ ይጠይቀዋል፤ በአንቀጽ 524 ደግሞ የሚያውቀውን ጉድለት በተንኮል ቢደብቅ እንዲክስ ያዝዛል። በኢትዮጵያ ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው ፍትሐ ነገሥትም ስጦታን፣ ብድርንና አደራን ለየብቻ ይመለከታቸዋል፤ የሦስቱን ግዴታ አያደባልቅም።

እነዚህ ትውፊቶች በቦታም በእምነትም የተራራቁ ሆነው ሳለ በሁለት መለኪያዎች ይስማማሉ። አንዱ ጥቅም ነው፦ ከነገሩ ያተረፈው ማን ነው? ሁለተኛው ዕውቀት ነው፦ አደጋውን አውቆ ዝም ያለው ማን ነው? የክፍት ሶፍትዌር ፈቃዶች የዋስትና ማንሻ ከመጀመሪያው መለኪያ ጋር ይስማማል። ምንም ያልተከፈለው ፕሮግራመር ለማያውቀው ስሕተት ሊጠየቅ እንደማይገባ የሮማ ሕግም የጀርመን ሕግም ይመሰክሩለታል። ሁለተኛው መለኪያ ግን አይለቅቀውም። የደኅንነት ክፍተት እንዳለ ተነግሮት የሚደብቅ ሰው በነፃ መስጠቱ አያድነውም፤ ክፍተቱ ተዋጊነቱ እንደተነገረለት በሬ ነው። የክፍት ሶፍትዌር ማኅበረሰቦችም ይህን ግዴታ ሕግ ሳያዛቸው ሲፈጽሙት ቆይተዋል። ዴቢያን ከመሠረታዊ ቃል ኪዳኖቹ አንዱ አድርጎ የያዘው ችግርን አለመደበቅ ነው፤ የስሕተት መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው።

ይሁን እንጂ የጉድጓዱ ሕግ ከስጦታው ሕግ የሚለይበትን ነጥብ ማለፍ አይቻልም። ስጦታ በሰጪና በተቀባይ መካከል ነው፤ ተቀባዩ ዋስትና እንደሌለው አውቆ ተቀብሏል ሊባል ይችላል። በጉድጓዱ የገባው አህያ ባለቤት ግን ከቆፋሪው ጋር ምንም ውል የለውም። በ2014 ኤፕሪል ወር ኸርትብሊድ የተባለው ክፍተት ኦፕንኤስኤስኤል በተሰኘው የምስጠራ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገኝ ለአደጋ የተጋለጡት ባንክ፣ ሆስፒታልና ፖስታ ቤት ሲጠቀሙ ስለ ሶፍትዌሩ ስም እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የፈቃዱን ጽሑፍ አላነበቡም፤ የሚያነቡበትም ምክንያት አልነበረም። የሕግ ቁጥጥርን ከሚደግፉ መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፦ ዋስትናን በፈቃዱ የተወ ሰው በራሱ ላይ ነው የተወው፤ የሦስተኛውን ሰው መብት ግን ሊተውለት አይችልም። ክፍት ሶፍትዌርን የሚወድ ሰው ይህን ክርክር አቃልሎ ሊያልፈው አይገባም።

መልሱ ያለው ጉድጓዱን በትክክል ማን ቆፈረው በሚለው ላይ ነው። ኸርትብሊድ በተገኘበት ጊዜ የኦፕንኤስኤስኤል ፕሮጀክት በዓመት በልግስና የሚያገኘው 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያንኑ ሶፍትዌር ምርታቸው ውስጥ አስገብተው የሚሸጡት ኩባንያዎች ግን ከዓለም ባለጸጎች ተርታ ነበሩ። ኮዱን የጻፈው ሰው ጽሑፉን አወጣ፤ ያንን ጽሑፍ ወስዶ፣ ሳይመረምር፣ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ በሥራ ላይ ያዋለው ሌላ ነው። ጽሑፍን ማሳተምና ማሽንን በሰዎች መካከል ማስነሣት ሁለት ድርጊቶች ናቸው፤ ሕግ ሁለቱን እንደ አንድ ሲያይ ቀላሉን ተከሳሽ ያገኛል፤ ትክክለኛውን ግን ያጣዋል።

ይህ ልዩነት በፍርድ ቤት ተፈትኗል። አሜሪካ በ1990ዎቹ ጠንካራ የምስጠራ ሶፍትዌርን ከጦር መሣሪያ ጋር ቆጥራ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ትከለክል ነበር። ፊል ዚመርማን በ1991 ፒጂፒ የተባለውን ፕሮግራም ካወጣ በኋላ እስከ 1996 መጀመሪያ ድረስ በወንጀል ምርመራ ሥር ቆየ፤ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ግን በ1995 በኤምአይቲ ማተሚያ ቤት እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ታትሞ ወጣ፤ መጽሐፍ ደግሞ ድንበር እንዳይሻገር የሚከለክለው አልነበረም። ዳንኤል በርንስታይን የተባለ የበርክሌይ ተማሪ በመንግሥት ላይ በመሠረተው ክስ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ችሎት በ1999 ምንጭ ኮድ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ንግግር ነው ሲል ወሰነ። ውሳኔው እንደገና ሊታይ ተይዞ ሳለ መንግሥት በ2000 መጀመሪያ ደንቡን አላላ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ዴቢያን የምስጠራ ጥቅሎቹን ከአሜሪካ ውጭ ባለ ለብቻው በተዘጋጀ ማከማቻ ያስቀምጥ ነበር፤ ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሲስተም ደግሞ ከካናዳ ስለሚሠራ ምስጠራን ያለ ችግር አካተተ። አንድ አገር ሕግ ሲያወጣ ሥራው አይቆምም፤ ሥራው የሚከናወንበት ቦታና የሚያከናውነው ሰው ይለወጣል።

በቅጂ መብት ረገድ የተከሰተው ደግሞ ለተራው የዴስክቶፕ ተጠቃሚ ይበልጥ የቀረበ ነው። በ1999 ለሊኑክስ ኮምፒውተሩ ሕጋዊ ዲቪዲ ገዝቶ ያመጣ ሰው ፊልሙን የሚያይበት የተፈቀደ ሶፍትዌር አልነበረውም። የዲቪዲውን ቁልፍ የሚከፍት ፕሮግራም በማውጣት የተሳተፈው የ15 ዓመቱ ኖርዌያዊ ዮን ሌክ ዮሃንሰን ተከሶ በ2003 ነፃ ወጣ፤ በአሜሪካ ግን ፍርድ ቤት ያንኑ ኮድ ማሠራጨት ከለከለ። ብዙ ክፍት ሲስተሞች ያንን የመሰለ ሶፍትዌር እስከ ዛሬ ከራሳቸው ጋር አያቀርቡም፤ ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ሰፊውና ጥልቁ ለውጥ የመጣው ከአውሮፓ ኅብረት ነው። የሳይበር ጽናት ሕግ የተባለው ደንብ በሴፕቴምበር 2022 በረቂቅ ቀረበ፤ በ2024 መጨረሻ ጸና፤ ክፍተትን የማሳወቅ ግዴታው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2026፣ ቀሪው ግዴታ ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ እንዲፈጸም ተወስኗል። ደንቡ ዲጂታል ክፍል ያለውን ምርት በአውሮፓ ገበያ የሚያቀርብ አምራች ምርቱን ከመነሻው በደኅንነት እንዲሠራ፣ በጠላፊዎች እየተጠቃ ያለ ክፍተት ሲያውቅ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥና በመርሕ ደረጃ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ማደሻ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ቅጣቱ እስከ 15 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጭ እስከ 2.5 በመቶ ይደርሳል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ጠበቅ ያለ ግምገማ ከሚጠይቁት «አስፈላጊ ምርቶች» መካከል ተመድበዋል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ክፍት ሶፍትዌርን ነፃ ያደረገው ከንግድ እንቅስቃሴ ውጭ ሲሆን ብቻ ነበር፤ የንግድን ድንበር ግን ብዥ አድርጎ ተወው። ለጥገና ገንዘብ የተቀበለ ሰው ነጋዴ ነው? ልገሳ የሚሰበስብ ማኅበርስ? ተቃውሞው ብርቱ ሆነ። ዴቢያን በፖለቲካ ጉዳይ ድምፅ መስጠት ልማዱ ሳይሆን በዲሴምበር 2023 አባላቱን አስመርጦ ስለ ሕጉ የጋራ መግለጫ አወጣ። የመጨረሻው ጽሑፍ ከረቂቁ በእጅጉ ተሻሽሎ ወጣ፤ ለዚህም ሕግ አውጪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። በራሱ ኃላፊነት ሥር ላልሆነ ፕሮጀክት ኮድ የሚያበረክት ግለሰብ ከደንቡ ውጭ ሆነ። ያለ ትርፍ ዓላማ የሚሰበሰብ ልገሳ ንግድ አለመሆኑ ተገለጸ። ለንግድ የሚውል ክፍት ሶፍትዌርን በቋሚነት የሚደግፉ ድርጅቶች አዲስ ስም ተሰጣቸው፤ በአማርኛ ባለአደራ ልንላቸው እንችላለን። ባለአደራው የደኅንነት ፖሊሲ እንዲኖረውና ከባለሥልጣናት ጋር እንዲተባበር ይጠበቅበታል፤ አስተዳደራዊ የገንዘብ ቅጣት ግን አይጣልበትም።

ከሁሉ ይበልጥ ፍትሐዊው ድንጋጌ የተቀመጠው ብዙ ሰው በማያስተውለው ቦታ ነው። ክፍት ሶፍትዌር ወስዶ ምርቱ ውስጥ የሚያስገባ አምራች የወሰደውን ነገር በተገቢው ጥንቃቄ እንዲመረምር፣ ክፍተት ቢያገኝ ለሠሪዎቹ እንዲያሳውቅ፣ ማስተካከያ ከሠራም ለእነርሱ እንዲያካፍል ግዴታ ተጥሎበታል። ይህ የሮማ ሊቃውንት መርሕ በዘመናዊ ልብስ ነው፤ ጥቅሙ የሄደበት ወገን ሸክሙንም ይሸከማል። ከዚሁ ጋር የወጣው የአውሮፓ የምርት ተጠያቂነት መመሪያ ሶፍትዌርን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ እንደ ምርት ሲቆጥር ከንግድ እንቅስቃሴ ውጭ የሚሰጥ ክፍት ሶፍትዌርን ለይቶ ያስቀረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ሕጉ ጥሩ መርሕ ይዞም የማይደርስበት ችግር እንዳለ በማርች 2024 ታይቷል። በብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ የሚገኘውን ኤክስዜድ የተባለ የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር አንድ ሰው ያለ ክፍያ ሲንከባከብ ኖሯል። ማንነቱን የደበቀ ሌላ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ትሑት ረዳት መስሎ ሠራ፤ ሌሎች የማይታወቁ ስሞችም ተንከባካቢው ሥራውን ለሌላ እንዲያካፍል ጫና አደረጉበት። እምነት ካገኘ በኋላ የውጭ ሰው ኮምፒውተሩን ሊቆጣጠር የሚችልበትን ድብቅ በር አስገባ። ነገሩ የተጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒውተር በርቀት የሚገባበት ፕሮግራም ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ስለመረመረ ነው። የተመረዙት እትሞች በዚያን ጊዜ በዴቢያንና በፌዶራ የሙከራ ቅርንጫፎች ውስጥ ገብተው ነበር፤ በዋናዎቹ የተረጋጉ እትሞች ግን አልደረሱም።

ከዚህ ክስተት ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛው ወገን የተንከባካቢዎች ማንነት በመታወቂያ ይረጋገጥ ይላል። ሌላው ወገን ጥፋቱ የመጣው ከድካም ነው፤ ብቻውን የደከመን ሰው በአዲስ ግዴታ መጫን የሚያጠናክረው ያንኑ ድካም ነው ይላል። ሁለተኛው ሚዛን ይደፋል። አጥቂው የትዕግሥትና የሐሰተኛ ስም እጥረት አልነበረበትም፤ ሐሰተኛ መታወቂያም ባልቸገረው ነበር። እጥረት የነበረበት ተንከባካቢው ነው። በኦክቶበር 2024 በማዕቀብ ምክንያት የተወሰኑ ሩስያውያን ከሊኑክስ ከርነል የተንከባካቢዎች ዝርዝር ሲወጡ ደግሞ የማንነት ቁጥጥር ወደ የት ሊያደርስ እንደሚችል ታየ፤ ሰዎቹ የተለዩት በጻፉት ኮድ ጥራት ወይም በሠሩት ጥፋት አልነበረም።

እስካሁን የተነሡት ሕጎች ስለ ጉድለት ናቸው፤ የተሰጠው ነገር ቢጎዳ ማን ይጠየቃል የሚል ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2025 ያጸደቀው ሕግ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ እንዲሠራበት የተወሰነው ይህ ሕግ የኦፐሬቲንግ ሲስተም አቅራቢ መለያ ሲከፈት የተጠቃሚውን ዕድሜ ወይም የልደት ቀን የሚጠይቅ ገጽ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። ሲስተሙም ለሚጫኑት መተግበሪያዎች ተጠቃሚው ከ13 በታች፣ ከ13 እስከ 16፣ ከ16 እስከ 18፣ ወይም 18ና ከዚያ በላይ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት እንዲያስተላልፍ ይጠየቃል። መታወቂያ ማሳየት አያስፈልግም፤ ወላጅ የሚሞላው ቃል ይበቃል። በቸልታ ለተጣሰ ግዴታ ለእያንዳንዱ ለተነካ ሕፃን እስከ 2,500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ለተጣሰ እስከ 7,500 ዶላር ቅጣት አለው።

የሕጉ ዓላማ የሚናቅ አይደለም። ልጅን ከማይገባው ነገር መጠበቅ ከማንኛውም ሰብዓዊ ግዴታ የማያንስ ነው። መንገዱም ፊትን ከመቃኘትና መታወቂያ ከመሰብሰብ እጅግ የለዘበ ነው፤ የልደት ቀኑ በየድረ ገጹ ከሚበተን በአንድ ቦታ መቆየቱ ለግላዊነት ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል። ችግሩ ያለው አቅራቢ ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሕጉ አቅራቢ የሚለው በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ ያለን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራውን፣ ፈቃድ የሚሰጠውን ወይም የሚቆጣጠረውን ሰው ነው። በአፕልና በማይክሮሶፍት ዘንድ ሦስቱ ግሦች በአንድ ባለቤት ላይ ይወድቃሉ። በዴቢያን ግን የሚሠሩት በመላው ዓለም የተበተኑ ሰዎች ናቸው፤ ፈቃዱን የሚሰጡት እያንዳንዱን ክፍል የጻፉት ብዙ ሺህ ደራሲዎች ናቸው፤ የሚቆጣጠረው ደግሞ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ተጠቃሚ ነው። በሊኑክስ ላይ ሩት የሚባለውን የበላይ መለያ የያዘ ሰው ማንኛውንም ፋይል ይለውጣል፤ የዕድሜ ጥያቄውን አውጥቶ ሲስተሙን እንደገና መገንባት ይችላል፤ የገነባውንም ለጎረቤቱ ሊሰጥ ፈቃድ አለው። ያን ጊዜ አቅራቢው እርሱ ይሆናል? ለልጁ ሊኑክስ የጫነ አባት የገዛ ልጁ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አቅራቢ ነው?

ጥያቄው የሕግ ባለሙያዎች ጨዋታ አይደለም። ቁጥጥር የሌለውን ሰው እንደሚቆጣጠር አድርጎ የሚቀጣ ሕግ ለቅጣቱ ሲል ቁጥጥር እንዲይዝ ያስገድደዋል። ፈላስፋው ሃንስ ዮናስ በ1979 ባሳተመው የኃላፊነት መርሕ በተሰኘ መጽሐፉ ኃላፊነት የሚመነጨው ከሥልጣን ነው ብሎ ያስተምራል፤ አንድ ሰው በኃይሉ ሥር ላለው ነገር ኃላፊ ነው። ከዚህ የሚከተለው ሥልጣንን በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ኃላፊነቱም በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ነው። የክፍት ሶፍትዌር ሠሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። በተጠቃሚው ላይ ሊኖራቸው ይችል የነበረውን ሥልጣን በፈቃዱ ጽሑፍ ለራሱ ለተጠቃሚው አስረክበዋል። ሕጉ ኃላፊነቱን መልሶ በእነርሱ ላይ ሲጭን፣ ሊወጡት የሚችሉት የለቀቁትን ሥልጣን መልሰው በመያዝ ብቻ ነው፤ ማለትም ተጠቃሚው ሊለውጠው የማይችለውን ሲስተም በመሥራት።

ሠሪዎች ሊሄዱባቸው የሚችሉ መንገዶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶች በመጫኛው ላይ አንድ ተራ ጥያቄ ጨምረው ሊያልፉ ይችላሉ፤ ይህ ብዙ አይጎዳም። አንዳንዶች የግዛቱ ነዋሪዎች እንዳይጠቀሙ በፈቃድ ጽሑፋቸው ሊከለክሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ግን ማንንም የማያገልለው ፈቃድ ያገልላል፤ የክፍት ሶፍትዌር መሠረታዊ መስፈርትም ይፈርሳል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ቀስ ብሎ ሊመጣ የሚችለው ነው። መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች በዕድሜ ምልክቱ መታመን ከጀመሩ፣ ምልክቱ አለመነካካቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ወደ መጠየቅ ሊሄዱ ይችላሉ። ያንን ማስረጃ ሊሰጥ የሚችለው ባለቤቱ እንዳይለውጠው በፋብሪካ የተቆለፈ ማሽን ብቻ ነው። በስልክ ዓለም ይህ አሠራር ዛሬም አለ፤ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ባለቤቱ ሩት ባደረገው ስልክ ላይ አይሠሩም። ወደ ዴስክቶፕ ቢዛመት የሊኑክስ ተጠቃሚ ማንም አልከለከለህም እየተባለ ከየበሩ ይመለሳል። ሰው በገዛ ማሽኑ ላይ ያለው ሥልጣን የሚጠፋው በአንድ አዋጅ ሳይሆን በዚህ ዓይነት መጨመር ነው።

ይህ ጉዳይ አማርኛ ለሚጽፍ ሰውም ቅርብ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 የዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ ከገባ በኋላ በክፍት ሲስተሞች ላይ አማርኛን ያስቻሉት ነፃ ፎንቶች፣ የኪቦርድ አሠራሮችና የመስኮት ትርጉሞች በአብዛኛው የተሠሩት በአገር ቤትና በውጭ ባሉ በጎ ፈቃደኞች ነው። ገበያው ትንሽ ለሆነ ቋንቋ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ኩባንያ አዋጭ ነው ብሎ እስኪያምን መጠበቅ አያሻም፤ ማንም ፈቃድ ሳይለምን ይጨምረዋል። ፕሮጀክቶች ተጠያቂነትን ፈርተው ከታወቀ ድርጅት ውጭ ከሚመጣ ሰው ሥራ አንቀበልም ወደሚል ደረጃ ቢደርሱ መጀመሪያ በሩ የሚዘጋው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ መስጠትን የጀመረ ሰው መቀጠል ግዴታው ነው? የአምስት ዓመት ማደሻ የሚጠይቀው የአውሮፓ ደንብ ይህን ከአምራች ይጠብቃል፤ ዋጋ ተከፍሎበታልና ተገቢ ነው። በጎ ፈቃደኛን ግን ማስገደድ ስጦታን ወደ ግዳጅ ሥራ መለወጥ ይሆናል። ሆኖም ሰዎች በሥራው ተማምነው ሳለ ዝም ብሎ መጥፋትም ልክ አይደለም፤ በነፃ አደራ የተቀበለ ሰውም እንኳ አደራውን መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም። ከሁለቱ የሚከተለው ግዴታ ማሳወቅ ነው። ዴቢያን ለዚህ ሥርዓት አለው። ተንከባካቢ ሥራውን መቀጠል ካልቻለ ጥቅሉ ወላጅ አልባ መሆኑን በይፋ መዝገብ ያስታውቃል፤ የሚፈልግ ሰው ይረከበዋል። ተንከባካቢው ሳያሳውቅ ቢጠፋም ሌሎች አጣርተው ጥቅሉን ወላጅ አልባ ብለው ሊያስመዘግቡት ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ የሚረከበው ያልተገኘና ያልተፈታ ከባድ የደኅንነት ችግር ያለበት ጥቅል ከሚቀጥለው የተረጋጋ እትም እንዲወጣ ይደረጋል፤ ምንጭ ኮዱ ግን በማኅደር ስለሚቆይ ማንም ወስዶ ሊያነሣው ይችላል።